የቮልስ ሞተር፣ ካምቢዮና ጎማ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮዋ፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነውና በአየር ስለምትቀዘቅዘው ቮልስ ነው የምናወራው፤ የሞዴል አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መኪናዬ ላይ ያለው ሞተር ስንት ሲሲ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ሰው የነገራችሁን ትታችሁ ሞተሩን ራሱን እዩት። የኋላውን ኮፈን ስትከፍቱ ዲናሞው የተቀመጠባት እግር አለች አይደል፣ ከሷ ስር ሞተሩ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፣ የስንት አመት ዘይትና አቧራ ስለሚሸፍነው ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉት። ቁጥሩ በዲ ከጀመረ 1200 ነው፣ በኤፍ ወይም በኤቢ ከጀመረ 1300፣ በኤች ከሆነ 1500፣ በቢ፣ በኤዲ፣ በኤኢ ወይም በኤኤስ ከጀመረ 1600 ነው። ፊደል ከሌለውና ቁጥር ብቻ ከሆነ ከ1966 ሞዴል በፊት የተሰራ ነው፣ ባብዛኛው 1200። የዲናሞዋ እግር በብሎን የታሰረች ሳትሆን ከሞተሩ ብረት ጋር አንድ ላይ የተሰራች ከሆነች ደግሞ እስከ 1960 ይሰራ የነበረው አሮጌው ሞተር ነው ያላችሁ፣ ለሱ የኋለኞቹ እቃ አይገባለትም ማለት ይቻላል።

ቁጥሩ ግን የሚነግራችሁ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበር ብቻ ነው። እነዚህ መኪኖች ሀምሳ ስልሳ አመት ሙሉ ሲፈቱ ሲገጠሙ የኖሩ ናቸው፣ 1300 የሚል ሞተር ውስጥ 1600 ፒስቶን ሊገኝ ይችላል። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ከወረደ አይቀር ፒስቶኑን አስለኩት፣ 77 ሚሊ ከሆነ 1200 ወይም 1300፣ 83 ከሆነ 1500፣ 85 ተኩል ከሆነ 1600 ነው።

ሞተሩን ማውረድ ከባድ ነው?

ከሌሎች መኪኖች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ 17 ቁልፍ ነው የሚፈታቸው። ባትሪውን ንቀሉ፣ የቤንዚን ጎማዋን ዝጉ፣ የነዳጅ መስጫውን ካቦ፣ የማሞቂያዎቹን ሁለት ካቦ፣ የዲናሞና የኮይል ሽቦዎችን ፍቱ፣ ከኋላ ያለውን ቆርቆሮ አንሱ፣ ከዛ ክሪክ ከስር አስደግፋችሁ ወደ ኋላ መሳብና ማውረድ ነው። ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለብቻ አይሞከርም፣ መኪናዋም በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም ሰው ስሯ እንዳይገባ፣ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግላት።

ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። የካምቢዮው ዘንግ የፍሪሲዮን ዲስኩ መሀል ያሉትን ጥርሶች አግኝቶ መግባት አለበት። አንድ ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው ከኋላ የቺንጋውን ፑሌ በእጁ ቀስ እያለ ያዙር፣ ጥርሱ ጥርሱን ሲያገኝ ሞተሩ ራሱ ሸርተት ብሎ ይገባል፣ በእጅ ይታወቃል። ሁለት ሴንቲ ቀርቶት እምቢ ሲል በብሎኖቹ እየሳቡ ማስገባት የሚወዱ አሉ፣ እባካችሁ አታስደርጉ፣ ዲስኩ ይጣመማል ወይ የሞተሩ ጆሮ ይሰነጠቃል፣ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም እኮ ነው፣ ብረት አይደለም።

ጉልበት አጥታለች፣ ሞተር ልቀይር ወይስ ላሳድስ?

መጀመሪያ በእርግጥ ታማ እንደሆነ ይጣራ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበቱን ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ያለው 1200 እዚህ 26 አካባቢ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ብትወጣ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮዋ ነው። በዛ ላይ ካርቡሬተሩ ለቆላ የተመጠነ ጅግለር (ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፈው ቀዳዳ) ካለው ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፣ ዋናውን ጅግለር አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጎ መሞከር ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከዛ ቫልቮቹን አስተካክሉ፣ ከ1300 እስከ 1600 ላሉት 0.15 ሚሊ ነው፣ ሞተሩ አድሮ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ሳይነሳ። ቀጥሎ የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕረሽን ይለካ፣ አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ገና አለ፣ አንዱ ብቻ ከወረደ ባብዛኛው ቫልቭ ነው፣ ቴስታታውን አውርዶ መስራት ይበቃል። በመጨረሻ ይቺን ፈተና እናንተም ትችላላችሁ፦ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላውን ፑሌ በሁለት እጅ ጨብጡና ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ። ጤነኛ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ስለሆነ በእጅ ብዙም አይሰማም፣ ቷ ቷ እያለ ወደፊት ወደኋላ ከሄደ ግን የዘንጉ ኩሽኔት ወይም የሞተሩ ቤት አልቋል፣ ያኔ ነው መቀየርም ሆነ ሙሉ ለሙሉ ማሳደስ የሚታሰበው።

የኔ ሀሳብ ከተጠየቀ፣ ቤቱ ደህና ከሆነ ማሳደስ። ሶማሌ ተራ ተገዝቶ የሚመጣ ያገለገለ ሞተር ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቀውም፣ የራሳችሁን ግን ታሪኩን ታውቃላችሁ፣ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ እንደሆነ ይቀራል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የወጣችው በፈረንጅ ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው፣ ሆኖም ፒስቶኑም፣ ሲሊንደሩም፣ ኩሽኔቱም፣ ጓርኒሲዮኑም ዛሬም ይመረታል፣ እቃ ጠፍቷል የሚባለው እውነት አይደለም።

1200 ላይ 1600 ይገባል?

ይገባል። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ያሉት አራቱ ብሎኖች ቦታቸው አንድ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቮላኖው ላይ ነው፣ ማለትም ሞተሪኖው የሚይዘው ጥርስ ያለው ክብ ብረት። የ6 ቮልት መኪኖች ቮላኖ 109 ጥርስ ነው፣ ፍሪሲዮኑም 180 ሚሊ። የ12 ቮልቶቹ 130 ጥርስና 200 ሚሊ ናቸው። ትልቁን ቮላኖ ይዞ የመጣ 1600 በአሮጌው 6 ቮልት ካምቢዮ ላይ ሲገጠም ጥርሱ የካምቢዮውን ቤት ውስጡን ይፋጫል፣ ሞተሪኖውም ጥርሱ አይገናኝም። መፍትሄው የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ በጥንቃቄ መሞረድና የ12 ቮልት ሞተሪኖ ከነቡሹ መግጠም ነው፣ ወይም ካምቢዮውንም አብሮ መቀየር።

ሌላዋ ወጥመድ የፍሪሲዮን ፕሬሱ ነው። የድሮው መሀሉ ላይ ቀለበት አለው፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለው የለውም፣ የካምቢዮው የፍሪሲዮን ኩሽኔት የትኛው አይነት እንደሆነ አይታችሁ የሚሄደውን ግዙ። ቮላኖው ሲታሰር ደግሞ ከጀርባው ሶስት ቀጫጭን ቀለበቶች ይገባሉ፣ ያን 0.07 እስከ 0.13 ሚሊ የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ ሁልጊዜ ሶስት ናቸው፣ ሁለት አይደሉም አራት አይደሉም። የመሀሉ ትልቅ ብሎን ወደ 343 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ይሄ በክንድ ግምት የሚሆን አይደለም፣ የቶርክ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

ከ6 ቮልት ወደ 12 ስቀይር ሽቦው ሁሉ ይቀየራል?

አይቀየርም፣ እንዲያውም የ6 ቮልት ሽቦ ወፈር ያለ ስለሆነ ለ12 ከበቂ በላይ ነው። የሚቀየሩት ባትሪ፣ ዲናሞና ሬጉሌተሩ፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹ በሙሉ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ ክላክሱና የካርቡሬተሩ ማሞቂያ ናቸው። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ወይ ይቀየራል ወይ ቮልት መቀነሻ ይደረግለታል። ከ1962 እስከ 1967 ያሉት የቤንዚን መለኪያቸው በካቦ የሚሰራ ስለሆነ እሱን አትንኩት።

ሞተሩ ታድሶ ለምን ይሞቃል?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ በቁም ነገር ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም እኔም ሞተር አቃጥዬበታለሁ። ከታደሰ በሶስተኛው ሳምንት ወደ ጎጃም ይዣት ሄድኩ፣ ዓባይ በረሃን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዝ የዘይት መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች፣ ትንሽ ቆይቶ ጉልበቷ ሲጠፋ ዳር ይዤ አቆምኩ። ሲፈታ የሶስተኛው ሲሊንደር ጭስ ማውጫ ቫልቭ ተቃጥሏል። ምክንያቱ? የሰራት ጋራዥ ሞተሩን ሲመልስ በሞተሩና በቦዲው መሀል ዙሪያውን የሚዞረውን ጎማ ሳይመልስ ትቶታል፣ አንድ ሁለት ቆርቆሮም ጎድሏል።

ቆርቆሮና ጎማው ጌጥ አይደለም። ቮልስ ውሃ የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ፋኑ የሚነፋው አየር ነው፣ ቆርቆሮዎቹ አየሩን በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሀል እንዲያልፍ ያስገድዱታል፣ ጎማው ደግሞ ከስር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ላይኛው ክፍል እንዳይገባ ይከለክላል። አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ያንኑ የሞቀ አየር ደጋግሞ ይተነፍሳል። ሶስተኛው ሲሊንደር ቀድሞ የሚሄደው በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ልክ ከሱ ፊት ቆሞ አየሩን ስለሚወስድበት ነው፣ ከ1971 ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ አውጥተው ለብቻው አየር ሰጡት፣ 1600 ስትገዙ ይሄኛውን ከነቆርቆሮው ብታገኙ ትልቅ እድል ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዝ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እኛ አገር ይሄ ነገር ይቅር የሚባል አይደለም።

ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖም ከሞቀች ማቀጣጠያው ከሰዓቱ ቀድሞ እንደሆነ ይታይ፣ በጆሮ ያስተካከለ መካኒክ ብዙ ጊዜ ያስቀድመዋል። ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ናት፣ የወረቀት ፊልትሮ የላትም ወንፊት ነው ያላት፣ በ5,000 ኪሎ ሜትር ሳይሆን በ3,000 ብትቀይሩ አይቆጫችሁም።

ማርሽ እየዘለለ ይወጣል፣ ካምቢዮ መቀየር አለብኝ?

ገና ነው። ከማርሽ መምቻው እስከ ካምቢዮው በመኪናዋ ወገብ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ አለ፣ ጫፉ ላይ መገጣጠሚያ አለች፣ ውስጧ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲክ ወይም ጎማ አሉ። የኋላ ወንበሩን አንሱና መሀል ላይ በአንድ ብሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን ታያላችሁ፣ እሷን ስትከፍቱ መገጣጠሚያዋ እዛው ናት። ጎማዎቹ ተፈርፍረው ከሆነ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ይቀራል፣ ከዛ ይዘላል። ስንት ሰው ለዚች ተብሎ ካምቢዮ አስወርዷል! እሷን ቀይራችሁ፣ የመምቻውን ስርም አስተካክላችሁ፣ አሁንም በዛችው አንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከዘለለ ያኔ ውስጡ ነው። ፍሪሲዮን ስትለቁ የምትንቀጠቀጥ ከሆነም መጀመሪያ የካምቢዮውን መቀመጫ ጎማዎች ተመልከቱ።

ከሌላ ቮልስ የወረደ ካምቢዮ ይገጥማል?

አንዳንዱ ይገጥማል አንዳንዱ አይገጥምም፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሶስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ሴሚያሱ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ። ባብዛኛው እኛ ጋር ያሉት ዘንጋቸው በቱቦ ውስጥ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ነው፣ በዘንጉ ሁለት ጫፍ መገጣጠሚያ ያለው የኋለኛው አይነት ደግሞ የተለየ ነው፣ የኋላ እግሩ ጭምር ካልተቀየረ አይተካም። ሁለተኛ ርዝመቱ፣ ከ1967 ጀምሮ የኋላው እግር ሰፋ ስላለ ዘንጉና ቱቦው ረዝሟል፣ ከ1966 በፊት ባለች ላይ ሲገባ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ሶስተኛ ዲፍረንሻሉ፣ የ1200ና የ1300 ባብዛኛው 4.375 ነው፣ የ1500ና የ1600 4.125። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት 6 በመቶ ገደማ ነው፣ ለአዲስ አበባ ዳገት 4.375ን እመርጣለሁ፣ ወደ አዳማና ሀዋሳ የምትመላለሱ ከሆነ 4.125 ሞተሩን ያሳርፈዋል።

የድሮውን ኮምቢ (የቮልስዋገን ሚኒባስ) ካምቢዮ ግን እንዳለ አትግጠሙ። እስከ 1967 ያሉት ኮምቢዎች ጎማቸው ጋ ተጨማሪ ጥርስ አላቸው፣ እሱ ዙሩን ስለሚገለብጠው ፋብሪካው ዲፍረንሻሉን በተቃራኒ አድርጎ ነው የገጠመው። ቮልስ ላይ ስታስገቡት አራት ማርሽ ወደ ኋላ አንድ ማርሽ ወደፊት ይሆንላችኋል። ዲፍረንሻሉን ገልብጦ መግጠም ይቻላል ግን በልምድ ነው የሚሰራው።

ሲወርድ ደግሞ የኋላውን እግር የያዘው ዝርግ ብረት ከዘንጉ ቱቦ ጋር የተገናኘበትን ቦታ በስል ነገር ምልክት አድርጉበት፣ በዛው ምልክት ካልተመለሰ የኋላ ጎማዎቹ ይጣመሙና ጎማ ትበላለች። ዘይቱ 90 ቁጥር ጂኤል 4 ነው፣ ደርቆ ለተገጠመ 3 ሊትር ይፈጃል።

ምን አይነት ጎማ ነው የሚሄደው?

ከፋብሪካ 5.60-15 ነበር፣ ዛሬ የሚሄድላት 165/80 አር 15 ነው፣ ካልተገኘ 155/80 አር 15። አራቱም አንድ አይነት ይሁኑ፣ ራዲያልና የድሮውን አይነት አትደባልቁ። ጎማው ጎን ላይ ያለችውን አራት አሃዝ አንብቡ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው ማለት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አስር አመት የሞላው ጎማ አትግዙ።

የፍጥነት መለኪያዋ ካቦው የሚመጣው ከፊት ግራ ጎማ መሀል ነው። ስለዚህ ካምቢዮ ብትቀይሩ ንባቡ አይለወጥም፣ የፊት ጎማ መጠን ስትቀይሩ ግን ይለወጣል።

ጎሚስታው አራቱንም 30 ሞላልኝ፣ ልክ ነው?

ልክ አይደለም፣ ለቮልስ ደግሞ አደጋ አለው። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ ለራዲያል ጎማ ከፊት 18 ከኋላ 27 ነው፣ ይሄ ልዩነት መጠበቅ አለበት። ከፊት ሲበዛ መሪው ይቀልላል፣ ኩርባ ላይ ቂጧ ቀድሞ ይወጣል፣ ዘንጉ የሚወዛወዘው አይነት ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ጎሚስታው አጠገብ ቆማችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ተጠባባቂው ግን ይሙላ፣ በብዙዎቹ ላይ የመስታወት ውሃውን የሚገፋው የሱ አየር ነው።

የድሮ ቸርኬዎች የጎማውን ጠርዝ ቆልፋ የምትይዘው ጉብታ የላቸውም፣ ጎማው ያለ ካላማዳሪ ይሰራል ቢባልም እናንተ ካላማዳሪ አስገቡ።

195/65 አር 15 በየቦታው አለ፣ እሱን ባደርግስ?

ቁመቱ ተቀራራቢ ነው፣ ለዛ ነው ሰው የሚፈተነው። የቮልስ ቸርኬ ስፋቱ 4 ወይም 4 ተኩል ኢንች ነው፣ ይሄ ጎማ ቢያንስ 5 ተኩል ይፈልጋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ መሀሉ ያብጣል፣ ጎኑ ይዋልላል፣ ኩርባ ላይ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ሰፊ ጎማ የግድ ካላችሁ ቸርኬውም ይቀየር፣ ሲቀየር ደግሞ ቀዳዳውን ቁጠሩ፣ እስከ 1967 ያሉት ባብዛኛው አምስት ናቸው፣ ከዛ በኋላ አራት።

ሞተር ብቀይር ሊብሬውስ?

ሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ፣ ስለዚህ ቁጥሩ የተለየ ሞተር ስታስገቡ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ሞተሩን ስትገዙ ውልና የመጣበትን ማስረጃ ተቀበሉ፣ ያለ ወረቀት የተገዛ ሞተር ርካሽ የሚመስለው ቦሎ እስኪደርስ ወይም መኪናዋን መሸጥ እስክትፈልጉ ነው። አሮጌውን ሞተር አትሽጡት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች፣ በዚህ አገር ይቺ መኪና ታሪክ አላት፣ የራሷ ሞተር ያላትን የሚፈልግ ሰው ሁሌም ይመጣል። ዘይት ቀብታችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍናችሁ፣ እንጨት ላይ አስቀምጡት።

ሱባሩ ሞተር ወይም ኤሌክትሪክ ማድረግስ?

ሁለቱም ይቻላል። ሱባሩም አራት ሲሊንደሩ እንደ ቮልስ ግራና ቀኝ የተኛ ስለሆነ በማገናኛ ሰሌዳ ካምቢዮው ላይ ይታሰራል፣ ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ራዲያተሩ ከፊት ሲቀመጥ ቱቦው በመኪናዋ ስር በሙሉ መሄድ አለበት፣ ጉልበቱም ለድሮው ካምቢዮና ፍሬን ይበዛል።

የኤሌክትሪኩ ጥያቄ ቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በጣም በዝቷል። ፋብሪካው ራሱ በፈረንጅ 2019 ከአንድ አጋር ጋር ሆኖ አሳይቶታል፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን ለክብደቱ ሲሉ ወለሉንም ፍሬኑንም አጠናክረዋል። የምትሞክሩ ካላችሁ ካምቢዮውን እንዳለ ትታችሁ ኤሌክትሪክ ሞተሩን በአራቱ ብሎን ቦታ የሚታሰር አድርጉት፣ ቦዲው ላይ ምንም አትቁረጡ፣ ያን ጊዜ ከእንጨቱ ላይ ያለውን ሞተር በማንኛውም ቀን መመለስ ትችላላችሁ።